የስኮትላንዷን ሴት ፍለጋ

ኦሃዮ፣ ሾርት ኖርዝ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሳህን የማጥብበት ምግብ ቤት ኮቪድ እንደገባ ተዘጋ። ሰመሩን ሙሉ ሬይኖልድስበርግ አክስቴ አፓርትመንት ውስጥ ተቀመጥኩ። መስከረም አካባቢ አክስቴ ከሥራ ባልደረባዋ ስልክ ተቀብላ፣ አረጋውያንን በቤታቸው የሚንከባከቡ ሰዎች የሚቀጥር አንድ ኤጀንሲ ዘንድ አስመዘገበችኝ። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ማመልከቻውን የሞላችልኝ እሷ ናት። እንዳልፈራ ብላ፣ “አሮጊት ማጠብ ፊደል አይጠይቅም” አለችኝ። ተሳስታ ነበር።

የተላክሁላቸው ሴትዮ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ሴት ልጃቸው ሌላ ከተማ ትኖራለች፣ በየቀኑ ትደውላለች። ጆሯቸው ደህና ነው፣ አእምሯቸውም ከእኔ የተሻለ ንቁ ነው። የከዳቸው ዓይናቸው ነው። መሐል መሐሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቷቸዋል። ፊቴን ሲያዩ ፀጉሬና ትከሻዬ እንጂ ፊቴ አይታያቸውም ነበር። ስለዚህ የሆነ ነገር ለማየት ሲፈልጉ እንደ ዶሮ አንገታቸውን ዘወር አድርገው በጎን ነው የሚያዩት። እኔ ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ የምናገረው ይጠፋኛል፤ ለእኔ ይሄ አስተያየታቸው ዕረፍት ነበር።

ጠዋት ከአልጋ አነሣቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ቁርስ እሠራለሁ። ሾወር የሚወስዱት ከምሳ በፊት ነው። በቁርስና በሾወር መካከል ያለው ሰዓት የእሳቸው ነበር። ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስከፍተው፣ ጥቁር ሻያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊት ከቤተ ክርስቲያናቸው አንዲት ጓደኛ እየመጡ ያነቡላቸው ነበር፤ በበሽታው ምክንያት ሰው ሰው ቤት መሄድ ሲቀር እሳቸውም ቀሩ። ሴትዮዋ ማንበብ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ትንሽ አልኩ። እንዳይመልሱኝ ፈርቼ ነበር።

“ትንሽ ይበቃል” አሉ። “ቃሉን አትንገሪኝ። ፊደሉን ብቻ ጥሪልኝ፣ ቃሉን እኔ እገጥመዋለሁ።”

ሥራችን እንዲህ ተጀመረ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የድሮ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ፎቶ ነው። ወረቀቱ ቡናማ ሆኗል፣ ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ወደ ኋላ ገጽ ዘልቋል፣ ጽሑፉ የእጅ ነው። የሰበካው ጸሐፊ ማን ተጠመቀ፣ ማን ከማን ጋር ለጋብቻ ታወጀ፣ እያለ በየመስመሩ አስፍሯል። እኔ እያጎላሁ፣ አንድ አንድ ፊደል እያልኩ እጠራለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ቃሉን ይናገራሉ። መጀመሪያ አካባቢ ድምፄ ከማስኩ ውስጥ አልወጣ ብሎ፣ “ከጉድጓድ ውስጥ ነሽ እንዴ?” ይሉኝ ነበር። ቀስ እያልኩ ለመድኩ። ሸማኔ ማለት በእነሱ ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የከሰል ቆፋሪ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ሳልፈልግ አወቅሁ።

የሚፈልጉት ነገር አንድ ነበር። ቅድመ አያታቸው በወጣትነቱ ከስኮትላንድ መጥቶ በኦሃዮ ደቡብ ምሥራቅ ከሰል ቆፍሯል፤ ባሏ የሞተባትን እናቱንም ይዞ ነበር የመጣው። የዚያች እናት መቃብር እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ ነው። ሴትዮዋ ልጅ ሳሉ አባታቸው ወስደዋቸው፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ስምና ዕድሜ በጣታቸው እየተከተሉ አንብበውታል። በኋላ፣ ጡረታ ሲወጡ፣ በስኮትላንድ መዝገብ ውስጥ ያንኑ ስም የያዘች፣ ከአንድ ሸማኔና ከሚስቱ የተወለደች፣ የተጠመቀች ልጅ አገኙ። መንደሩም የአባቷም ስም ልክ ነበር። ዕድሜው ብቻ አልገጠመም። የድንጋዩ ዕድሜ ትክክል ከሆነ፣ መዝገቡ ላይ ያለችው ልጅ በሁለት ዓመት ትበልጣለች።

“ወይ ዕድሜዋን ዋሽታለች፣ ወይ የእኛ አይደለችም” ይሉ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆመዋል። አሁን ደግሞ ልጃቸው በረዶው ሲያልፍ፣ በፀደይ፣ ቤቱን ሸጣ፣ እሷ ከተማ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ልታስገባቸው ነው። እዚያ ፊደል የሚጠራላቸው አይኖርም። ከመሄዳቸው በፊት ያቺ ሴት የእነሱ መሆኗንና አለመሆኗን ማወቅ ፈለጉ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

እኔ ግን ይደክመኝ ነበር። ከሴትዮዋ ቤት ወጥቼ ኢስተን አካባቢ ሆቴል አጸዳለሁ፤ እንግዳ ጥቂት ቢሆንም ሠራተኛውም ስለተቀነሰ ሥራው ያው ነበር። ማታ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ የተጣመመ የእጅ ጽሑፍ ነው። አክስቴ መኪናዋን አቁማ ስትገባ እግሬን ሶፋ ላይ ሰቅዬ ታገኘኛለች።

“ዛሬስ የማንን ሬሳ ስትቆፍሪ ዋልሽ?” ትለኛለች። “የሰውን አያት ተይና የራስሽን ቅድመ አያት ታውቂያለሽ?”

አላውቅም እላታለሁ።

“ፈረንጅ ሙቶቹን በሰው ጉልበት ነው የሚፈልገው” ብላ ጫማዋን ታወልቃለች። ከዚያ ግን ምን እንዳገኘን ሳትጠይቅ አትቀርም። መዝገቡ ላይ ያሉት ሴቶች አግብተውም በአባታቸው ስም እንደሚጻፉ ስነግራት፣ “እንደኛ?” ብላ ደስ አላት። እኔንም ያንን ባየሁ ቀን ቀልሎኝ ነበር። ሰዎቹ ሰው መሰሉኝ።

ሴትዮዋ አንድ ቀን፣ በዚያ አገር ሞት ብዙ ጊዜ ለብቻው እንደማይጻፍ ነገሩኝ። የሚጻፈው ጨርቅ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የሬሳ ሣጥን ላይ የሚደረብ ጥቁር ጨርቅ ነበራት፤ የሞተበት ሰው ይከራየዋል፣ ጸሐፊውም ኪራዩን ሲመዘግብ የሟቹን ስም አብሮ ይጽፋል። ለአዋቂ ትልቁ፣ ለልጅ ትንሹ። እኔ የእድራችን ድንኳን ትዝ አለኝ። በዚያው ሰሞን ከእድራችን አንድ ሰው ሞተው፣ ሰዉ መቃብሩ አጠገብ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት አልቅሶ ተመልሷል። ድንኳን አልተተከለም፣ ንፍሮ አልተበላም። አክስቴ ያን ቀን ስትመለስ የሰው ለቅሶ እንዲህ እንደዚህ አገር ባንክ በመኪና መስኮት ሆነ ወይ ብላ እስክትተኛ ስታጉረመርም ነበር። ይህንን ለሴትዮዋ ልነግራቸው ፈልጌ እንግሊዝኛው አልመጣልኝም።

የጥምቀቱን መዝገብ ትተን የጨርቁን ያዝን። የሸማኔው ቤተሰብ በዚያ ሰበካ ቆይቶ እንደሆነ ለማወቅ ነበር ሐሳባቸው። በረዶ የጣለ ቀን ነው፤ ማሞቂያው እያጉረመረመ ሴትዮዋ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ዝም ብዬ ብቀመጥ እኔም እተኛለሁና ማንበቤን ቀጠልኩ። ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ። ከገጹ ግርጌ የሸማኔውን ስም አየሁ። ቀጥሎ “ትንሹ ጨርቅ” ይላል። ቀጥሎ የልጅቷ ስም። ያ ስም። ጊዜውን አየሁት፤ ከጥምቀቱ በኋላ ባለው ዓመት ነው።

ደጋግሜ አጎላሁት። ፊደሉ ያው ነው።

ስንት ዓመት የፈለጓት ሴት ገና በእግሯ ሳትሄድ ሞታለች ማለት ነው። ወደ ኦሃዮ አልመጣችም፣ ልጅም አልወለደችም። በዚያ ድንጋይ ሥር ያለችው ሌላ ቤት ያደገች፣ የሌላ ሰው ልጅ ናት። ግድግዳው ላይ ትልልቅ ፊደል ያለው የዘር ሐረግ ተሰቅሎ ነበር፤ ጓደኛቸው በማርከር የጻፉላቸው። ከሸማኔው በላይ ያለው ሁሉ፣ አባቱም አያቱም፣ በዚያች ሕፃን ላይ ነበር የቆመው። ሴትዮዋ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው ተኝተዋል። ሲነቁ ምን ላይ እንደደረስሁ ጠየቁኝ። ገና ነኝ አልኩ። ወደ ሌላ ገጽ አለፍኩ።

የዚያን ዕለት ማታ አክስቴ ለማግስቱ ምሳዋን ስትቋጥር ኩሽና ገብቼ ጠየቅኋት።

“እትዬ፣ ልጅ ሲሞት ስሙ ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጣል?”

ማንኪያዋን ይዛ ዞር አለች። “ምን ነካሽ? ሞት በሩን እንዳይስት ነው? የቱ ወላጅ ነው እንዲህ የሚያደርግ?”

“እንዲያው ነው።”

“አንቺ ራስሽ ማን ተባልሽ? እናትሽ ያችኛዋን ከቀበረች በኋላ ስሟን ካፏ አውጥታው አታውቅም። አንቺን በላይዋ ላይ ካሳ አድርጋ ነው የጠራችሽ።”

እውነቷን ነው። ከእኔ በፊት አንዲት ልጅ ተወልዳ ሞታለች፤ የእኔ ስም ከእነዚያ የካሳና የምትክ ስሞች አንዱ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ አስቤበት አላውቅም ነበር። ከአክስቴ መልስ በኋላ ግን ጥርጣሬ አልቀረኝም። ስሙ ከሕፃኗ ጋር ተቀብሯል። ሰው የሞተችበትን ልጅ ስም መልሶ በደጅ አይጣራም። ስለዚህ የሴትዮዋ ሴት ከዚያ ቤት አይደለችም።

እንዴት እንደምነግራቸው አላወቅሁም። በአማርኛ እንኳ መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው፣ ያውም ጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ። እኔ ብቻዬን፣ በተሰበረ እንግሊዝኛ፣ ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላት የደረሰ ሕፃን መርዶ እንዴት ልንገር? ለልጃቸው እንድነግር አሰብኩ፤ ልጃቸው ስትደውል ግን ስለ ቤቱ ፎቶ የሚያነሣ ሰው፣ ስለሚጣልና ስለሚሰጥ ዕቃ ነበር የምታወራው። ቀን ቀንን እየተካ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ጥቅም የሌለውን ገጽ እየጠራሁ ሰዓቱን አሳልፋለሁ። ድካሙ እጥፍ ሆነብኝ።

ሴትዮዋ ናቸው ያወቁብኝ። ሻያቸውን አስቀመጡና፣ “ድምፅሽ ጉድጓዱ ውስጥ ተመልሶ ገብቷል” አሉኝ። “ደክሞሻል ወይስ የደበቅሽኝ ነገር አለ?”

ደክሞኛል አልኩ። ወዲያው ግን፣ “ሞታለች” አልኩ። “የምንፈልጋት ልጅ ሕፃን ሆና ሞታለች። ትንሹን ጨርቅ ተከራይተውላታል። በጣም አዝናለሁ።”

“ፊደሉን ጥሪልኝ።”

ገጹን አውጥቼ ጠራሁላቸው። የሸማኔውን ስም ገጠሙት፣ መንደሩን ገጠሙት፣ የልጅቷ ስም ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። ያለቅሳሉ ብዬ ሶፍት ልፈልግ ተነሣሁ። እሳቸው ግን መሳቅ ጀመሩ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ውሃ ሰጠኋቸው።

“ሃኒ” አሉ፣ ሲያቆላምጡኝ እንዲህ ይሉኝ ነበር፣ “ይሄን ያህል ቀን ይሄን ይዘሽ ነው የተቀመጥሽው?”

ራሴን ነቀነቅሁ፤ እንደማያዩት ትዝ ሲለኝ አዎ አልኩ።

“የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናቷ እናት ስም ትጠራለች። የአገሩ ደንብ ነው። ሕፃኗ ብትሞት አያትየዋ አልሞተችም፤ እሳት ዳር ተቀምጣ ስሟን ትጠብቃለች። ስለዚህ ለምትቀጥለዋ ልጅ ይሰጧታል።” አንገታቸውን ዘወር አድርገው በጎን አዩኝ። “ደግሞ የእኔ ሰዎች ቆጣቢ ናቸው። ብዙ ያልተለበሰ ስም አይጥሉም።”

የሚያስቅ ነው ወይስ የሚያሳዝን፣ አልለየልኝም። ሁለቱ ዓመት የት እንደገባ፣ ድንጋዩ ሥር ያለችው ያንኑ ስም የወረሰች ታናሽ እህቷ ልትሆን እንደምትችል፣ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሴትዮዋ ግን ያኔውኑ ገብቷቸዋል፤ ሳቃቸው የዚያ ነበር።

ለምን ዝም እንዳልኩ ሲጠይቁኝ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ እንደማይደረግ ነገርኳቸው። ስሙ ሞትን ይጠራል ተብሎ እንደሚፈራ፣ የምትከተለው ልጅ ምትክ ወይም ካሳ የሚል ትርጉም ያለው ስም እንደሚወጣላት፣ የእኔም እንደዚያ መሆኑን። ከዚያ ቀደም በእንግሊዝኛ ይህን ያህል ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም።

“ቅር ይልሻል?” አሉኝ።

“ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።”

“ያችኛዋስ? ስሟ ማን ነበር?”

አላውቅም አልኳቸው። ቤታችን ውስጥ አይጠራም። ሴትዮዋ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። የቀዘቀዘውን ሻያቸውን ጨረሱ።

ወደ ጥምቀቱ መዝገብ ተመለስን። ከጨርቁ ጊዜ ጀምረን ወደፊት። ሸማኔው በቀላሉ አልተገኘም። አንዱ ገጽ እርጥበት በልቶታል፤ አንዱ ላይ ጸሐፊው ተቀይሮ አዲሱ ሰው እንደ ጉንዳን ሰልፍ የጠበበ ጽሑፍ ይጽፋል። አንዳንድ ጠዋት አንድ ገጽ ሳንጨርስ የሾወሩ ሰዓት ይደርሳል። ኮሪደሩ ላይ ካርቶን መደርደር ጀመረ። ልጃቸው በስልክ ድምፅ ማጉያው፣ “እማዬ፣ አሁንም እዚያው ነሽ?” ስትላቸው፣ “አንድ ሰው እየጠበቅሁ ነው” ይሏታል።

ያገኘናት ተራ ቀን ነው፤ ወገቤን እያመመኝ፣ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ነበር የምጠራው። የአባትየውን ስም ጠርቼ አልፌዋለሁ። “ቆይ” አሉ። ተመለስሁ። ሸማኔ የሚለው ፊደል ተከተለ። የእናትየዋ ስም ተከተለ፣ በአባቷ ስም እንደተጻፈ። ከዚያ የልጅቷን መጥራት ጀመርኩ፤ ሦስተኛው ፊደል ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። የቀረውን ራሳቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊደል በፊደል ጨረሱት። እኔ ስክሪኑን እያየሁ ተከተልኳቸው። አንድም አልሳቱም።

በራሳቸው ዓይን ሊያዩት ፈለጉ። ላፕቶፑን ወደ ጎን ወሰድኩላቸው፣ አጎላሁት፣ ደግሞ አጎላሁት። አንገታቸውን አዞሩ፣ አዘነበሉ፣ ተጠጉ። “ቡናማ ነገር ይታየኛል” አሉ። ጥቂት ቆይተው መልሰው ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። ደስታ የጠበቅሁ እኔ ነበርኩ። እሳቸው እንደ እኔው የደከማቸው ነበር የሚመስሉት።

“አልዋሸችም” አሉ። “የእኛ ናት።” ቀጥለው፣ “ነገ ጠዋት ምን ልንሠራ ነው?” አሉኝ።

ለልጃቸው ደወልንላት። ደስ ይላል አለች፣ ከልቧ ነው፤ ከዚያ የትኛውን ሶፋ እንደሚወስዱ ጠየቀች። ስልኩ ሲዘጋ ሴትዮዋ ላፕቶፑ ላይ ያለውን የዘር ሐረግ እንድከፍት ነገሩኝ። የልጅቷን ዓመት አስተካከልኩ። ልዘጋው ስል፣ “የመጀመሪያዋንም አስገቢያት” አሉ። “ከእናቷ ሥር። ከእህቷ በፊት።”

አዲስ ሣጥን ከፈትሁ። ያንኑ ስም ፊደል በፊደል ጻፍሁ፣ የጥምቀቷን ዓመት፣ የጨርቁን ዓመት። አስቀምጥ የሚለውን ስጫን ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። ቀስ ብዬ አነበብኩት። በዚህ ስም፣ ከእነዚህ ወላጆች የተወለደ ሰው አስቀድሞ አለ ይላል፤ ሁለቱ አንድ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ይቀላቀሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ለሴትዮዋ ነገርኳቸው።

“አይደሉም በዪው” አሉ።

ተጫንሁት። ከእናትየዋ ሥር ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን ሆነ። ከአንደኛዋ ወደ ታች መስመር ይወርዳል፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ እየሰፋ እስከ ሴትዮዋ ድረስ። ከሌላዋ ሥር ምንም የለም። እሷን ትንሽ ረዘም አድርጌ ሳላያት አልቀረሁም፤ ሴትዮዋ ያዩኝ ይመስል፣ “በደንብ ተጽፏል?” አሉ። ተጽፏል አልኳቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዤ አስነሣኋቸው። የሾወራቸው ሰዓት አልፎ ነበር።